ከቆሻሻ የምናገኘው ትልቁ ጥቅም መብራቱ አይደለም

ስለ ከተማ ቆሻሻ፣ ስለ ኃይልና ስለ አየር ንብረት ለከተማ መራጮች የተደረገ ንግግር




ፓርቲያችን ለዚህ ምርጫ ካዘጋጃቸው አማራጭ ፖሊሲዎች መካከል ዛሬ የማቀርብላችሁ በምርጫ መድረክ ብዙም የማይነሳ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ቆሻሻ ነው። በየጠዋቱ ከቤታችን አውጥተን የምንሰጠው፣ የየሰፈሩ ማኅበራት በጋሪ የሚሰበስቡት፣ ከገንዳው በኋላ ግን ወዴት እንደሚሄድ ብዙዎቻችን ጠይቀን የማናውቀው ቆሻሻ።

ይህንን ርዕስ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቆሻሻ በሀገራችን ዋና ከተማ የብዙ ሰው ሕይወት ያጠፋ ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ መፍትሔ ተብሎ የቀረበልን ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የማመንጨት ሥራ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ፣ ብዙ የተነገረለት፣ ነገር ግን ለሕዝብ በቅጡ ያልተብራራ ሥራ ነው። ዛሬም በሌሎች ከተሞች «ለእኛስ መቼ ይሠራልናል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን መፈክር ሊሆን አይገባም። በስሌት የተደገፈ መሆን አለበት።

ቆሼ ላይ የሆነው

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ፣ በአዲስ አበባ ረጲ አካባቢ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ በሚጠራው መጣያ የተከመረው ቆሻሻ ተደረመሰ። ከሥሩ የነበሩትን ቤቶችም ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ይህ አደጋ ከሰማይ የወረደ መዓት አልነበረም። ቆሼ ከሃምሳ ዓመት በላይ የመዲናይቱ ቆሻሻ የተደፋበት ወደ 36 ሄክታር የሚሆን ቦታ ነው። ሲጀመር ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማው እያደገ ሄዶ ከበበው። ቆሻሻው አፈር ሳይለብስ፣ ጋዙ ሳይወጣለት፣ ፍሳሹ ሳይጠለፍ ክምር ላይ ክምር ሆነ። ከጎኑም ከዚያው ክምር ፕላስቲክና ብረታ ብረት ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች ጎጆ ቀለሱ። ድህነት ወደዚያ ገፋቸው እንጂ ወደውት አልሄዱም።

በ2008 ዓ.ም. ለቆሼ ምትክ ይሆናል የተባለ ዘመናዊ መጣያ በሰንዳፋ ሥራ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው አርሶ አደሮች «ፍሳሹና ሽታው በእኛና በከብቶቻችን ላይ ጉዳት አደረሰ» ብለው ተቃወሙ። መጣያው በጥቂት ወራት ውስጥ ቆመ፤ የከተማው ቆሻሻም ተመልሶ ወደ ቆሼ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው አደጋው የደረሰው። እዚህ ላይ አንድ ትምህርት አለ። ገበሬውን ሳያማክሩና ሳያሳምኑ የሚሠራ መጣያ፣ ግንባታው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ዕድሜ አይኖረውም። የዚህን ዕዳ የከፈሉት ደግሞ ውሳኔውን የወሰኑት ሰዎች አልነበሩም። የከፈሉት የቆሼ ድሆች ናቸው።

ከአደጋው በኋላ የተሠራ በጎ ሥራም እንዳለ መናገር ተገቢ ነው። በጃፓን መንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ድጋፍ የፉኩኦካ ዘዴ የሚባለው አሠራር በቆሼ ላይ ተሞክሯል። ዘዴው ቀላል ነው፤ በክምሩ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ተቀብረው አየር እንዲገባና ፍሳሹ እንዲወጣ ይደረጋል። ተቃዋሚ ፓርቲ ነን ብለን መልካሙን ሁሉ ክፉ አንልም። ጥያቄያችን፣ ይህ ሥራ ከሃምሳ ዓመት ቸልተኝነትና ከብዙ ሰው ሞት በኋላ ለምን መጣ የሚል ነው።

ምን ያህል መብራት ነው?

ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ከቆሼ አጠገብ የረጲ የደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው ተባለ። ወደ 120 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደፈጀ ተነገረ። በቀን 1,400 ቶን ወይም 14,000 ኩንታል ቆሻሻ ያቃጥላል፤ ይህም ከከተማዋ ቆሻሻ 80 በመቶ ያህሉ ነው ተባለ። ለብሔራዊው መስመርም በዓመት 185 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ከከተማዋ ቤቶች የመብራት ፍላጎት 30 በመቶውን ይሸፍናል የሚል ተስፋ ተሰጠን። ከምረቃው በኋላ ግን ሥራው ያለ መቆራረጥ እንዳልሄደ የሀገር ውስጥ ጋዜጦች ጽፈዋል።

እስቲ የተነገረንን ቁጥር እንዳለ ተቀብለን አብረን እናስላ። 185 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ለሚቃጠል 1,400 ቶን ሲካፈል፣ ከአንድ ቶን ቆሻሻ ወደ 360 ኪሎ ዋት ሰዓት ይገኛል ማለት ነው። ይህ በእናቶቻችን ቋንቋ ምን ያህል ነው? የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰዓት 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት የሚጋግር ቤተሰብ በዓመት 364 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል። ስለዚህ አሥር ኩንታል ቆሻሻ ማለት የአንድ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ መጋገሪያ ነው። የሚናቅ አይደለም። የሚያስፎክርም አይደለም።

ከሀገር አቀፍ ኃይል ጋር ስናስተያየው ደግሞ ልኩ ይበልጥ ይታያል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ለረጲ የተነገረው 25 ሜጋ ዋት ነው። ይህም ከግድቡ ሁለት መቶኛ እጅ ያህል መሆኑ ነው። መብራት ብቻ ብንፈልግ ኖሮ ቆሻሻ ማቃጠል አያስፈልገንም ነበር።

ኃይሉ የሚባክነው የት ነው?

እዚህ ላይ «ለምን ይህን ያህል ብቻ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ቆሻሻው ሲነድ ሙቀቱ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ነገር ግን ቆሻሻ እንደ ጋዝ ወይም እንደ ናፍጣ ንጹሕ ማገዶ አይደለም። ከፕላስቲክና ከጨው የሚወጣው ክሎሪን የቦይለሩን ቧንቧ ስለሚበላው፣ እንፋሎቱ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብዙም እንዳያልፍ ይደረጋል። በዚህም የተነሳ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚያመነጭ ማቃጠያ ከመቶ እጅ ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 እጁን ነው። ሌላው በጭስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው በኩል ይጠፋል።

ታዲያ እንደ ዴንማርክ ያሉ ሀገሮች ከቆሻሻ ብዙ ኃይል አገኘን የሚሉት እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የኮፐንሃገኑ አማገር ባክ ማቃጠያ ኤሌክትሪክ ብቻ አይሸጥም። የተረፈውን ሙቀት በቧንቧ ወደ መኖሪያ ቤቶች ይልካል፤ ሕዝቡ በክረምት ቤቱን ያሞቅበታል። እኛ ዘንድ የሚባክነው ሙቀት እዚያ ገበያ አለው። የእኛ ከተሞች ቤት ማሞቂያ ቧንቧ የላቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም። የእኛ የሙቀት ገበያ ሊሆን የሚችለው እንፋሎት የሚጠቀም ፋብሪካ ነው፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ምግብ ማቀነባበሪያ፣ ቆዳ። ስለዚህ ወደፊት በየትኛውም ትልቅ ከተማ ማቃጠያ ይሠራ ከተባለ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንፋሎቱን ማን ይገዛል?» የሚል መሆን አለበት።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቆሻሻ መመሪያም የሚነግረን ይህንኑ ነው። በመመሪያው መሠረት የከተማ ቆሻሻ ማቃጠያ ኃይል መልሶ አገኘ የሚባለው በተወሰነ ቀመር ተሰልቶ ከተቀመጠው የብቃት ልክ ሲደርስ ነው። ለአዳዲስ ማቃጠያዎች ልኩ 0.65 ነው። ከዚያ በታች የሆነው ቆሻሻ ማስወገጃ ተብሎ ይመዘገባል። እኛ ልኩን እንዳለ እንቅዳ አንልም። ልክ ይኑረን፣ ውጤቱም በየጊዜው ይለካ ነው የምንለው።

ሁለተኛው ብክነት ከእኛው ጓዳ የሚነሳ ነው። የከተሞቻችን ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የምግብ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭና ቅጠላ ቅጠል ነው፤ እርጥብ ነው። ሽማግሌዎቻችን «በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል» ይላሉ። በዚህ ምድጃ ውስጥ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ በእርጥቡ ጦስ ደረቁም በደንብ አይነድም። አንድ ሊትር ውሃ አፍልቶ ለማትነን 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ከአንድ ቶን ቆሻሻ ግማሹ ውሃ ቢሆን፣ 350 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ውሃውን ለማትነን ብቻ ይጠፋል። በእርጥብ እንጨት እሳት ያነደደች እናት ይህንን ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልጋትም።

ጉዳቱ በመብራቱ ብቻ አያበቃም። እንደ ዳዮክሲን ያሉ መርዞች በጭሱ እንዳይወጡ፣ የሚቃጠለው ጋዝ ቢያንስ በ850 ዲግሪ ሙቀት ለሁለት ሰከንድ መቆየት አለበት። እርጥብ ቆሻሻ ሲበዛ ይህንን ሙቀት መጠበቅ ይከብዳል፤ አንዳንዴም ነዳጅ ማርከፍከፍ ይጠይቃል። ሁሉ ከተቃጠለ በኋላም ከቆሻሻው ክብደት አምስት አንድ እጅ ያህሉ አመድ ሆኖ ይቀራል። በተለይ ከማጣሪያው የሚወጣው ደቃቅ አመድ አደገኛ ስለሆነ በልዩ ጥንቃቄ መወገድ አለበት።

ዋናው ጥቅም የት ነው?

ወገኖቼ፣ እስካሁን የተናገርኩትን የሰማ ሰው «እንግዲያው ማቃጠያው ይዘጋ ልትሉን ነው?» ሊል ይችላል። አይደለም። ዋና ጥቅሙ ከመብራቱ ውጭ ስለሆነ ነው ይህንን ሁሉ የዘረዘርኩት።

የምግብ ትራፊ አየር በማያገኝ ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቆሼ ላይ ጭስና እሳት ሲታይ የኖረው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ሚቴን ምድርን በማሞቅ ረገድ በመቶ ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ይከፋል። በሃያ ዓመት ሲታሰብ ደግሞ 80 እጥፍ ገደማ ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ፣ አይፒሲሲ የሚባለው፣ ባወጣው የሂሳብ መመሪያ ስናሰላ፣ ጥልቅ በሆነ ያልተደራጀ ክምር ላይ የተጣለ አንድ ቶን የምግብ ትራፊ በዓመታት ውስጥ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ሚቴን ይሰጣል። ይህ በ28 ሲባዛ ከ1,100 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ ነው።

አሁን ሁለቱን ወገን በሚዛን እናስቀምጥ። አንድ ቶን ቆሻሻ ሲቃጠል ሚቴኑ ይቀራል። ከምግብና ከቅጠል የሚወጣው ካርቦን ተክሉ ቀድሞ ከአየር የወሰደው ስለሆነ እንደ አዲስ ጭነት አይቆጠርም። ፌስታልና ፕላስቲክ ግን የነዳጅ ዘይት ልጆች ናቸው። ከቶኑ ውስጥ አንድ ኩንታሉ ፕላስቲክ ቢሆን፣ ሲቃጠል ከ250 እስከ 300 ኪሎ ግራም አዲስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። ይህንን ስንቀንስም ማቃጠሉ ክምር ላይ ከመጣሉ በቶን ወደ 800 ኪሎ ግራም ገደማ ይሻላል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

በድንጋይ ከሰል መብራት የሚያመነጭ ሀገር ከዚህ በተጨማሪ ሌላ ጥቅም ያገኛል። ከቆሻሻ የተገኘው 360 ኪሎ ዋት ሰዓት የከሰሉን ቦታ ስለሚይዝ፣ ከዚያ ደግሞ 300 እና 400 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያድናል። እኛ ግን ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው። የረጲ መብራት የሚተካው የዓባይን፣ የኦሞንና የተከዜን ውሃ እንጂ ከሰል አይደለም። ስለዚህ በእኛ ሀገር ከመብራቱ የሚገኘው የአየር ንብረት ጥቅም ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ጥቅሙ ሁሉ ያለው ከክምሩ በሚቀረው ሚቴን፣ በሚጠበበው የመጣያ መሬትና ሳይደረመስ በሚቀረው ተራራ ላይ ነው።

የፓርቲያችን አቋም በአጭሩ ይህ ነው። ማቃጠያው መመዘን ያለበት በሸጠው መብራት ሳይሆን ከክምሩ ባስቀረው ቆሻሻና ጋዝ ነው። በሜጋ ዋት ከመዘንነው ደካማ ማመንጫ ነው። በቆሼ ከመዘንነው ግን፣ በአግባቡ ከተሠራበት፣ ሰው የሚያድን ተቋም ነው።

ይህ ሚዛን ተከታይ ውሳኔም ያስከትላል። እርጥቡ የምግብ ትራፊ ሚቴን እንዳያወጣ መቃጠል ግድ አይደለም። አየር እያገኘ ከተብላላ ኮምፖስት ይሆናል፤ ሚቴኑ እጅግ ይቀንሳል፤ የተፈጥሮ ማዳበሪያም እናገኛለን። ወደ ምድጃው የሚገባው ደግሞ ደረቁና ሌላ ጥቅም የሌለው ብቻ ይሆናል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጭሱ ይነጻል። ልጣጩን ከምድጃ ማውጣት ለምድጃውም ለገበሬውም ይጠቅማል።

ምን እናደርጋለን?

ሀገራችን ሕግ አጥታ አታውቅም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤቱ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለይ ያዝዝ ነበር። ይህ ከሆነ ሁለት አሥርት ዓመታት ሊሞላ ነው። ስንቶቻችን ነን ሁለት ቅርጫት የተሰጠን? በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ ካለ፣ የጎደለው ሕጉን የሚያሠራ አደረጃጀትና ተጠያቂ የሚሆን አስተዳደር ነው። በመሆኑም ፓርቲያችን ብትመርጡት የሚከተሉትን ይፈጽማል።

አንደኛ፣ ሂሳቡ ለሕዝብ ይገለጣል። በየወሩ ምን ያህል ቶን ቆሻሻ ወደ ማቃጠያው እንደገባ፣ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደወጣ፣ ስንት ቀን እንደቆመና ለምን እንደቆመ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳና በሬዲዮ ይነገራል። ከውሃ ቢሉ ጋር እየተሰላ የቆሻሻ ክፍያ ሲከፍል የኖረ ነዋሪ ገንዘቡ ምን እንደሠራ የማወቅ መብት አለው።

ሁለተኛ፣ ጭሱ ከማቃጠያው አስተዳደር ነጻ በሆነ አካል ይለካል። ውጤቱ ለአካባቢው ነዋሪ ይደርሳል። ልኩ ሲጣስ ማቃጠያውን የማስቆም ሥልጣን ለለካው አካል ይሰጣል። የሚለካውና የሚለካበት አንድ መሥሪያ ቤት ሊሆኑ አይችሉም።

ሦስተኛ፣ ቆሻሻ ከቤት ይለያል። ለየቤቱ ሁለት ዕቃ፣ አንድ ለእርጥብ አንድ ለደረቅ ይሰጣል። ሰብሳቢ ማኅበራትም የሚከፈላቸው ባመጡት መጠን ብቻ ሳይሆን ለይተው ባመጡት ልክ ይሆናል። ፀሐይ ላይ ዝናብ ላይ የሚውሉት እነዚህ ወጣቶች ጓንት፣ ጫማና የጤና ምርመራ ያገኛሉ።

አራተኛ፣ የኮምፖስት ማዘጋጃ ቦታዎች በየክፍለ ከተማው ዳርቻ ይቋቋማሉ። ምርቱ ለከተማ ግብርናና በዙሪያው ላሉ አርሶ አደሮች ይቀርባል። ሥራው በአትክልት ተራዎች፣ በሆቴሎችና በትልልቅ ገበያዎች ይጀመራል፤ እርጥቡ ቆሻሻ እዚያ በብዛትና ሳይቀላቀል ይገኛልና።

አምስተኛ፣ በየከተማው ያሉ አሮጌ ክምሮች ይጠበቃሉ። ጋዛቸው ይወጣል፣ ተዳፋታቸው ይስተካከላል፣ አፈር ይለብሳሉ። ከሥራቸው የሚኖር ሰው በቂ ካሳና መኖሪያ ሳይሰጠው አይነሳም፤ አደጋ ላይ ወድቆም አይተውም። ከክምሩ ለቅመው የሚያድሩት ወገኖቻችን በመለያ ጣቢያዎች በቋሚ ደመወዝ ለመቀጠር ቅድሚያ ያገኛሉ። ፕላስቲኩን ከብረቱ ለይተው የሚያውቁ ባለሙያዎች እነርሱ ናቸው።

ስድስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ከተማ ማቃጠያ እንሠራለን ብለን አንዋሽም። ማቃጠያ ሌሊትና ቀን የሚመገብ ትልቅ ምድጃ ነው፤ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ካላገኘ ኪሳራ ነው። ለመካከለኛና ለትናንሽ ከተሞች የሚበጀው መለየት፣ ኮምፖስትና በጋራ የሚጠቀሙበት ወለሉ የተለበደ፣ ፍሳሹ የሚጠለፍ መጣያ ነው። ቦታውም ከአርሶ አደሩ ጋር ተመክሮበት፣ ተስማምቶበትና ተገቢው ተከፍሎት ብቻ ይመረጣል። ሰንዳፋ አይደገምም።

ለሚነሱ ጥያቄዎች

«ሕዝቡ ቆሻሻ አይለይም» የሚሉ አሉ። ይህ ሕዝቡን አለማወቅ ነው። የሃይላንዱን ጠርሙስ፣ አሮጌውን ብረትና ቆርቆሮ ለቆራሌው አስቀምጣ የምትሸጠው ማን ናት? አተላውን ለከብት፣ ልጣጩን ለበግ የምትሰጠው ማን ናት? የኢትዮጵያ እናት ቆሻሻ መለየት የጀመረችው ከአዋጁ በፊት ነው። የጎደለው ከበሯ የሚረከባት ሰው ነው። ለይታ ያወጣችውን መኪናው ላይ መልሶ የሚቀላቅል አሠራር እያለ እርሷን መውቀስ አይገባም።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄም ይነሳል። ሁሉን ያለ ወጪ እናደርጋለን አንልም። ዕቃው፣ መኪናውና ቦታው ገንዘብ ይጠይቃሉ። ነገር ግን ተለይቶ ወደ ኮምፖስት የሚሄድ እያንዳንዱ ኩንታል ወደ ሩቅ መጣያ የሚጫን ኩንታል ይቀንሳል፤ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ምድጃውንም ከመቆም ያድናል። በመቶ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ምድጃ ሠርቶ እርጥብ ልጣጭ መመገብ ነው ትልቁ ብክነት። የመጀመሪያው ዓመት በጀት ከአዲስ ግንባታ በፊት ለመለየት ሥራ ይውላል።

«የእኛ ጭስ ከሌላው ዓለም ጭስ ጋር ሲነጻጸር ምንድን ነው? አየሩን ያበላሹት ሀብታሞች ናቸው» የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ የዚህ ዕዳ ትልቁ ድርሻ የእኛ አይደለም። ሚቴኑን ብንቀንስ ግን ለሌላው ብለን ብቻ አይደለም። ያ ጋዝ የሚወጣበት ክምር ነው ልጆቻችን ላይ የተደረመሰው፤ ያ ፍሳሽ ነው ወደ ወንዛችን የሚወርደው። ለምድር የሚበጀው ሥራ እዚህ ላይ ለሰፈራችንም የሚበጅ ሆኖ ተገኝቷል።

ውድ ወገኖቼ፣

በዚህ ምርጫ ብዙ ሪባን የተቆረጠባቸው ሥራዎች ይቆጠሩላችኋል። የተመረቀውን ሁሉ ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ «ዛሬ ይሠራል ወይ? ምን ያህል ሠራ?» ብላችሁ። እኛንም ስትመርጡን እንዲሁ ጠይቁን። በየወሩ በወረዳችሁ ሰሌዳ ላይ ቶኑንና ኪሎ ዋት ሰዓቱን ካላያችሁ፣ በቀጣዩ ምርጫ ድምፃችሁን ንሱን።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። የቆሻሻ ጉዳይም ሌላ ተራራ ሳይደረመስ፣ ሌላ ብሔራዊ ሐዘን ሳይታወጅ፣ ገና ከጓዳችን እርጥብ እያለ ሊያዝ ይገባል። ይህንን የሚያደርግ፣ ሂሳቡን የማይደብቅና ድሃውን ከቆሻሻ ጋር የማይጥል አስተዳደር እንዲኖራችሁ በምርጫው ቀን በነቂስ ወጥታችሁ ድምፃችሁን ለፓርቲያችን እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሕዝብ የሚጠይቅበት፣ መንግሥት የሚመልስበት ከተማ እንገንባ!

ኢትዮጵያ በክብር ለዘላለም ትኑር!